በታንክስጊቪንግ ሰሞን ወደ ጃዝና ስዊንግ ፌስቲቫል መሄድ፦ ለጀማሪ ዝርዝር መመሪያ

ታንክስጊቪንግ ሲመጣ አሜሪካ ያለን ሐበሾች ወይ ዘመድ ቤት እንሰበሰባለን፣ ወይ ሥራ እንገባለን። በዚሁ ሰሞን ቀኑን ሙሉ የድሮ ጃዝ የሚነፋበት፣ ማታ ማታ ደግሞ እስኪደክም የሚደነስበት ፌስቲቫል መኖሩን የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም። ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲዬጎ ውስጥ፣ ሚሽን ቫሊ በሚባለው ሰፈር ያለው ታውን ኤንድ ካንትሪ ሆቴል ይህን ፌስቲቫል ለብዙ ዓመታት ሲያስተናግድ ቆይቷል። ረቡዕ ማታ ወይም ሐሙስ ይጀምርና እሑድ ያልቃል። ሙዚቃው ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ ያለው ነው። ዳንሱም የዚያው ዘመን ነው፤ ሊንዲ ሆፕ፣ ቻርልስተን፣ ባልቦአ፣ ሻግ።

ይህ መመሪያ ዳንሱን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። ምሳሌዬ ሳንዲዬጎ ይሁን እንጂ አብዛኛው ነገር ለሌሎቹም ይሠራል። ዋናውን ምክሬን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ሁሉንም ልይ አትበሉ። ከመሄዳችሁ በፊት አንዲት እርምጃ በደንብ ተማሩ። እዚያ ስትደርሱ አንድ ባንድ ምረጡና ተከተሉት። የቀረውን ጊዜ ወለሉ ላይ አሳልፉት።

መጀመሪያ፦ ቀኑን ከጾሙ ጋር አስተያዩት

ይህን የትም መመሪያ ላይ አታገኙትም፤ ለእኛ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 24፣ አንዳንድ ዓመት 25 መሆኑ ነው። ስለዚህ የፌስቲቫሉ ቀናት ብዙውን ጊዜ ወይ ጾም ውስጥ ይወድቃሉ፣ ወይ የጾሙን መግቢያ ይነካሉ። በጾም ሙዚቃ መስማትና መደነስ የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው። እኔ የምለው፣ ትኬት ከገዛችሁ በኋላ እንዳይቆጫችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ ነው።

የታንክስጊቪንጉ ካልተመቻችሁ ሌሎች ረጃጅም የዕረፍት ቀናት አሉ። አንዱ የጁላይ 4 ሰሞን ነው። ግን እሱም ጾመ ሐዋርያት ውስጥ ነው፤ ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ ጁላይ 12። ሜሞሪያል ደይ ይሻላል፤ ፋሲካ በጣም ካልቀደመ በበዓለ ኃምሳ ውስጥ ይውላል። ከሁሉም የሚመቸው ሌበር ደይ ነው። ፍልሰታ ተፈትቷል፣ እንቁጣጣሽ ደግሞ ገና እየመጣ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የድሮ ጃዝ ፌስቲቫሎች ዘላለማዊ አይደሉም። ሳክራሜንቶ ውስጥ ከ1974 ጀምሮ በየሜሞሪያል ደይ ይካሄድ የነበረው ስመ ጥር ፌስቲቫል ከ2017 በኋላ ቀርቷል። ስለዚህ የበረራ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዘንድሮው ዝግጅት መኖሩን፣ ቀኑንና ቦታውን ከአዘጋጆቹ አረጋግጡ።

ትኬትና ማደሪያ

ሁለት ዓይነት ትኬት ታገኛላችሁ፤ የሁሉም ቀናትና የአንድ ቀን። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነና ገንዘቡ ካሳሰባችሁ የቅዳሜውን ብቻ ግዙ። ብዙ ዳንሰኛ የሚመጣው ቅዳሜ ነው፣ ፕሮግራሙም ጠንካራ ነው። ቀደም ብሎ የሚገዛ ቅናሽ ያገኛል። ለወጣቶች ቅናሽ የሚያደርጉም አሉ። በበጎ ፈቃድ በር ላይ ለመቆም ወይም ወንበር ለመደርደር የሚመዘገብ ሰው በነጻ ወይም በቅናሽ የሚገባባቸውም ብዙ ናቸው፤ ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር የለውም።

ክፍሉን እዚያው ሆቴል ውስጥ ያዙ። ይህን የምለው ለምቾት ብቻ አይደለም። በቀን ሦስት አራቴ ሸሚዝ ትቀይራላችሁ። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ጋደም ማለት ትፈልጋላችሁ። ክፍላችሁ ከዳንሱ አዳራሽ የአምስት ደቂቃ መንገድ ከሆነ ይህ ሁሉ ይቻላል። አዘጋጆቹ ከሆቴሉ ጋር የተስማሙበት ልዩ ዋጋ ስለሚኖር ስትይዙ እሱን ጥቀሱ። ለአራት ተካፍሎ አንድ ክፍል መያዝም በዳንሰኞች ዘንድ የተለመደ ነው።

ሳንዲዬጎ፣ በተለይ ሲቲ ሃይትስ አካባቢ፣ ብዙ የአገር ልጅ አለ። ዘመድ ካላችሁ እዚያ ማደር ይቻላል። ነገር ግን በበዓል ሰሞን ዘመድ ቤት ገብቶ ቶሎ መውጣት ከባድ ነው። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲል የከሰዓቱ ፕሮግራም ያመልጣል። ሐሙስን ለዘመድ ስጡ፤ ዓርብና ቅዳሜን ለፌስቲቫሉ። አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው አይቀየሙም። መኪና ከሌላችሁም አታስቡ፤ የከተማው ባቡር አረንጓዴ መስመር ፋሽን ቫሊ ጣቢያ ላይ ያወርዳችኋል፣ ሆቴሉ ከዚያ በእግር ነው።

ከስድስት ሳምንት በፊት፦ ጆሮንና ጉልበትን ማዘጋጀት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ የፌስቲቫሉ ደስታ የሚወሰነው በዚህ ነው።

በሙዚቃው ጀምሩ። ስዊንግ አንዱን ምት እኩል ለሁለት አይከፍለውም። የመጀመሪያው ክፋይ ረዘም ይላል፣ ሁለተኛው አጠር። አንዱን ምት ለሦስት ከፍላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብታያይዟቸው የስዊንግን ስሜት ታገኛላችሁ። በችክችካ ላደገ ጆሮ ይህ ባዳ አይደለም። ችክችካ በ6/8 የሚሄድ ነው፤ ሦስት ሦስቱን እያያዘ ሲንከባለል ሰምተነው አድገናል። አብረውኝ የሄዱ የአገር ልጆች እርምጃው ሲከብዳቸው አይቻለሁ፤ ምቱ ሲጠፋባቸው ግን እምብዛም አላየሁም። ይህን ጥቅም ይዛችሁ ነው የምትገቡት።

የሚከብደን ሌላ ነው፤ ትከሻችን። ሙዚቃ ሲሞቅ ትከሻችን ወደ እስክስታ ይሄዳል። ስዊንግ ግን የሚኖረው ጉልበት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሳሎናችሁ ውስጥ ቁሙ። እግራችሁን በዳሌያችሁ ስፋት ክፈቱ። ጉልበታችሁን አታግትሩት፣ ላላ ይበል። የስዊንግ ዘመኑን ባንድ መሪ የካውንት ቤዚን ኦርኬስትራ ሙዚቃ ክፈቱና በእያንዳንዱ ምት ጉልበታችሁን በትንሹ እጠፉ። እንቅስቃሴው ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ ነው፤ ወደ ላይ መዝለል አይደለም። ትከሻችሁ ዝም ይበል። አንድ ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲህ ሆናችሁ በቤት ውስጥ ተራመዱ። አሰልቺ ይመስላል። ግን ይህን ያደረገ ሰው ወለል ላይ ሲወጣ ከሩቅ ያስታውቃል።

ቀጥሎ እርምጃው። ስድስት ምት አላት፦ “አንድ-ና-ሁለት፣ ሦስት-ና-አራት፣ አምስት፣ ስድስት።” መሪ የሆነው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምቶች ወደ ግራው ሦስት አጫጭር እርምጃ ይሄዳል፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። በሚቀጥሉት ሁለት ምቶች ወደ ቀኙ ይመለሳል፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። እነዚህ ሦስት ሦስት እርምጃዎች ትሪፕል ስቴፕ ይባላሉ። አምስት ላይ ግራ እግሩን ወደ ኋላ ያስቀምጣል፣ ስድስት ላይ ክብደቱን እዚያው ቦታ ወደቆመው ቀኝ እግሩ ይመልሳል። ይህ ሮክ ስቴፕ ነው። ተከታይ ተቃራኒውን ትሠራለች፤ በቀኝ እግሯ ትጀምራለች። መሪና ተከታይ በጾታ አይወሰንም፤ ሴት ስትመራ፣ ወንድ ሲከተል ብዙ ታያላችሁ። ፈልጋችሁ የቱንም መማር ትችላላችሁ።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እርምጃውን በማስፋት ነው። ትሪፕል ስቴፗ ትንሽ ትሁን፤ ከአንድ የወለል ንጣፍ አትውጡ። ሙዚቃው ሲፈጥን የበለጠ ታሳንሷታላችሁ። ሮክ ስቴፕ ላይም እግሩን እሩቅ ወደ ኋላ መወርወር አያስፈልግም። ጣቶቻችሁ ከሌላኛው ተረከዝ ጀርባ ቢያርፉ በቂ ነው።

አሁን እጅ። የመሪው ግራ መዳፍ ወደ ላይ ይሆናል፣ የተከታይዋ ጣቶች እላዩ ላይ ተጠምዘው ያርፋሉ። አውራ ጣት አይጨብጥም። የመሪው ቀኝ እጅ በተከታይዋ ጀርባ ላይ፣ ከግራ ትከሻዋ አጥንት በታች ይቀመጣል። የእሷ ግራ እጅ ክንዱ ላይ ነው። ክርናችሁ ከጎናችሁ አልፎ ወደ ኋላ አይሂድ። ሮክ ስቴፕ ስትሠሩ ሁለታችሁም በመጠኑ ወደ ኋላ ስለምትሄዱ በጣቶቻችሁ መካከል ትንሽ መወጠር ይሰማችኋል። ያ መወጠር ነው የሚያነጋግራችሁ። የሚቀጥለው ዙር ወዴት እንደሚሄድ የሚታወቀው በእሱ ነው፤ እጅ በመጎተት አይደለም። ጣት ላይ የሚጨብጥ ሰው ይህን መነጋገር ይዘጋዋል፣ የሌላውንም ትከሻ ያሳምማል።

ፍጥነቱን መለካት ተማሩ። በስልካችሁ 15 ሰከንድ ያዙና ምቱን ቁጠሩ። 30 ከሆነ በደቂቃ 120 ነው፤ ለጀማሪ የተመቸ። 40 ከሆነ 160 ነው፤ ትሞክሩታላችሁ። 50 ከሆነ 200 ደርሷል። እሱን ለባልቦአ ዳንሰኞች ተዉላቸውና ቁጭ ብላችሁ እዩ። ባልቦአ በደቡብ ካሊፎርኒያ የተወለደ፣ ተቀራርበው በጣም በትንንሽ እርምጃ የሚደንሱት ነው። ለፈጣን ሙዚቃ የሚመቸውም ለዚህ ነው።

ብቻችሁን መማር ካልሆነላችሁ በየትልቁ ከተማ የስዊንግ ምሽት አለ። አብዛኛው ከዳንሱ በፊት ለጀማሪ አጭር ትምህርት ይሰጣል፤ ጓደኛ ይዞ መምጣትም አያስፈልግም። ዋሽንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ግሌን ኤኮ ፓርክ አለ። እዚያ በ1933 የተሠራው ስፓኒሽ ቦልሩም ዛሬም ይደነስበታል። ስትሄዱ አንድ ነገር አስታውሱ። ይህ ፓርክ የድሮ መዝናኛ ስፍራ በነበረበት ጊዜ ለጥቁሮች ዝግ ነበር። በ1960 በጋ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገብተው እየዞሩ የሚጋለቡት የእንጨት ፈረሶች ላይ ተቀመጡ፣ ታሰሩም። ከሳምንታት ሰልፍ በኋላ በ1961 ለሁሉም ተከፈተ። ዛሬ እኛ ትኬት ቆርጠን እዚያ ወለል ላይ የምንወጣው እነሱ ስለተቀመጡ ነው።

ሻንጣው

ጫማ ከሁሉ ይቀድማል። ሶሉ ወለል ላይ የሚንሸራተት ይሁን፤ ቆዳ ወይም ከታች የተለጠፈ የቆዳ ሻካራ ገጽ። የጎማ ሶል ወለሉን ይይዛል፤ ሰውነታችሁ ሲዞር ጉልበታችሁ ይቀራል፤ ጉዳት የሚመጣው እንዲህ ነው። ተረከዘ ረጅም ጫማ አያስፈልግም፤ ሌሎች እግር ላይ ሲያርፍ አደገኛ ነው። ከውጭ የመጣችሁበትን ጫማ በር ላይ ቀይሩ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጥሩ ወለል ትቧጭራለች።

ልብስ ጥጥ ይሁን። የ1940ዎቹን አለባበስ ለብሰው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ ያምራል፣ ግዴታ ግን አይደለም። ዋናው መለወጫ ነው። ሸሚዛችሁ ከራሰ ቀይሩ፤ ለአጋራችሁ ያላችሁ አክብሮት ነው። ትንሽ ፎጣ በኪስ ያዙ። ቀለበት፣ አምባር፣ ረጅም ሐብል፣ ነጠላና ሻሽ የመሳሰለው ሁሉ ክፍል ውስጥ ይቅር፤ በዙር ጊዜ ይጠላለፋል።

ስለ ምግብ በግልጽ ልናገር። ምግባችን ይጣፍጣል፣ ግን ሽታው ይቆያል። ነጭ ሽንኩርትና አብሽ የበዛበትን ከዳንሱ በኋላ ብሉት። ከዳንስ በፊት ቀለል ያለ ነገር ይሻላል። የጥርስ ብሩሽ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ጾመኛ ከሆናችሁ ሆቴል ውስጥ በበዓል ሰሞን የሚቀርበው አብዛኛው ሥጋና ወተት ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከቤት ያዙ። ውኃ ደግሞ ዋና ነው፤ የሚሞላ ኮዳ ይኑራችሁ። መጠጥ ማንም አያስገድዳችሁም። ጥሩ ዳንሰኛ ከሚባሉት ውስጥ ምሽቱን በውኃ ብቻ የሚጨርሱት ብዙ ናቸው።

ስትደርሱ፦ ፕሮግራሙን ማንበብ

መግቢያ ላይ ባጅ ወይም የእጅ ማሰሪያ ይሰጣችኋል። አታውልቁት። የወረቀት ፕሮግራምም ይሰጣችኋል፤ በአንድ በኩል ሰዓት፣ በሌላው በኩል አዳራሾች። በአንድ ሰዓት አራት አምስት ባንድ በየአዳራሹ ሲጫወት ስታዩ ግራ መጋባት ያለ ነው። ቁጭ በሉና እስክሪብቶ አውጡ።

መጀመሪያ የዳንስ ወለል ያላቸውን አዳራሾች ክበቡ። ሁሉም የላቸውም፤ አንዳንዱ ለማዳመጥ ብቻ ነው። ቀጥሎ የባንዱን ዓይነት እዩ። ባንጆ፣ ቱባ፣ ክላሪኔትና ኮርኔት ያለው የኒው ኦርሊንስ ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፣ ለቻርልስተን ይመቻል። ሳክስፎኖች ተደርድረው የሚነፉበት ትልቅ ባንድ ለሊንዲ ሆፕ ነው። ራግታይም ፒያኖ ለማዳመጥ ነው፤ እግራችሁ ሲደክም እዚያ ግቡ። ጊታርና ቫዮሊን ብቻ ያለውም ደስ ይላል፣ ግን ለጀማሪ ዳንሰኛ ምቱን ማግኘት ሊከብድ ይችላል፤ ከበሮ የለውምና።

አሁን አንድ ባንድ ምረጡ። በቀን ሁለት ሦስቴ በተለያየ አዳራሽ ይጫወታል፤ ተከተሉት። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ከበሮ መቺው መቼ እንደሚያቆም፣ መለከቱ መቼ እንደሚገባ ማወቅ ትጀምራላችሁ። ሙዚቃውን የሚያውቅ ጀማሪ ብዙ እርምጃ ከሚያውቅ ግን ከማይሰማ ሰው ይልቅ ለመደነስ ይመረጣል። ከአዳራሽ አዳራሽ የሚሮጥ ሰው ግን ሁሉንም ጅምሩን ብቻ አይቶ ይወጣል።

የዳንስ ትምህርት ካለ የጀማሪውን ክፍል ግቡ። ሁለት ሳምንት ተማርኩ ብላችሁ ወደ መካከለኛው አትዝለሉ። እዚያ አጋር በየጥቂት ደቂቃው ይቀያየራል፤ ካልቻላችሁ የሌላውን ሰው ጊዜም ትወስዳላችሁ።

ወለሉ ላይ

ስዊንግ ውስጥ ማንም ማንንም ይጠይቃል። ሴት ወንድን፣ ወጣት አዛውንትን፣ ጀማሪ ሊቁን። እኛ ቤት ሰርግ ላይ የማናውቀውን ሰው ተነስ ማለት እንዴት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። እዚህ አያሳፍርም። ቀርባችሁ፣ ዓይን አይታችሁ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ “እንደንስ?” በሉ። “ጀማሪ ነኝ” ማለትም ጥሩ ነው፤ አንዴ ብቻ ተናገሩት፣ ከዚያ ይቅርታ አትደጋግሙ። እምቢ ካለ ፈገግ ብላችሁ እለፉ፤ ምክንያት አይጠየቅም። እናንተም እምቢ ማለት ትችላላችሁ። አንድ ወይም ሁለት ሙዚቃ አብሮ ይደነሳል፣ ይመሰጋገናሉ፣ ይለያያሉ። አንድን ሰው ማታውን ሙሉ መያዝ አይለመድም። ዳንሱም ዳንስ ነው፤ ቁጥር ለመለዋወጥ እንደ መግቢያ አትቁጠሩት።

ይህ የመጠየቅ ባህል ሥር አለው። ሊንዲ ሆፕ የተወለደው ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች እግር ነው። ማዕከሉ በ1926 የተከፈተው ሳቮይ ቦልሩም ነበር፤ ሌኖክስ ጎዳና ላይ፣ በ140ኛውና በ141ኛው መንገድ መካከል። አገሩ ሁሉ በዘር በተከፋፈለበት ዘመን ሳቮይ ጥቁሩም ነጩም አንድ ወለል ላይ የሚደንስበት ቤት ነበር። ሁለት መድረክ ነበረው፤ አንዱ ባንድ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። በሜይ 1937 የቤቱ ባንድ መሪ፣ ከበሮ መቺው ቺክ ዌብ፣ በጊዜው ዝናው የናኘውን የባንድ መሪ ቤኒ ጉድማንን እዚያ መድረክ ላይ በሙዚቃ ተፋልሞ የሃርለም ሕዝብ አሸናፊ አድርጎታል። ሳቮይ በ1958 ተዘጋ። ዛሬ ፌስቲቫሎቹ ላይ የሚታየው ሰው አብዛኛው ነጭ ነው፤ ይህን ስታዩ እንግዳ ቤት የገባችሁ አይምሰላችሁ። ዳንሱ የማን እንደሆነ አውቃችሁ ግቡ።

ሳቮይ ካፈራቸው ታላላቆች አንዱ ፍራንኪ ማኒንግ ነው። በ1935 አጋሩን በጀርባው ላይ አሽከርክሮ የመጀመሪያውን የአየር ላይ እርምጃ አሳየ። በኋላ ዘመኑ ሲያልፍ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ለብዙ ዓመታት ሠራ። በ1980ዎቹ ወጣቶች ፈልገው አገኙትና እስከ 2009፣ እስኪያርፍ ድረስ፣ ዓለምን እየዞረ አስተማረ። ልደቱ ሜይ 26 የዓለም ሊንዲ ሆፕ ቀን ተብሎ ይከበራል። የሱን የአየር ላይ እርምጃ ግን በተራ የዳንስ ወለል ላይ አትሞክሩ። ያ ለትርኢትና ለውድድር ነው። ሰው ማንሳት በተጨናነቀ ወለል ላይ ክልክል ነው፤ ሰው ይጎዳል።

ሌላም ደንብ አለ። መጠጥ ይዞ ወለሉን አቋርጦ መሄድ አይገባም። ሰው ከገጫችሁ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ቆም ብላችሁ “ደህና ነህ?” “ደህና ነሽ?” በሉ። ያልጠየቃችሁን ሰው ወለል ላይ አታስተምሩ። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያዳምጡ አዛውንቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ይህን ሙዚቃ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲከተሉ የኖሩ ናቸው። መድረኩን አትጋርዷቸው፤ ወለሉ በጎን ከሆነ እዚያው ሁኑ። አንድ ሙዚቀኛ ብቻውን ነፍቶ ሲጨርስ፣ ሙዚቃው ሳይቆም፣ ይጨበጨብለታል።

ምሽቱ ሲጋጋል ሁለት ነገር ታያላችሁ። አንደኛው ክብ ነው፤ ሰው ይከብና ጥንዶች በየተራ መሃል እየገቡ ያሳያሉ። እናንተ ዳር ሆናችሁ አጨብጭቡ። ሁለተኛው ሺም ሻም ነው። አዳራሹ ሁሉ ተሰልፎ አንድ ዓይነት እርምጃ ይሠራል፤ አጋር አያስፈልግም። ከመሄዳችሁ በፊት ይህችን አጥኑ። አጋር ለመጠየቅ የፈራ ሰው እንኳን ከሕዝቡ ጋር የሚገባባት በር ናት።

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ

ይህን ከልቤ እመክራለሁ። አባትና እናቶቻችን የክቡር ዘበኛን፣ የፖሊስ ሠራዊትን ኦርኬስትራ ሰምተው ያደጉ ናቸው። ጥላሁን ገሠሠ ከኋላው ተደርድረው ከሚነፉ መለከቶችና ሳክስፎኖች ጋር ሲዘፍን የሰማ ጆሮ፣ ትልቅ ባንድ ሲነሳ ምን እየተደረገ እንደሆነ ይገባዋል። ዝነኛው የጃዝ ኦርኬስትራ መሪ ዱክ ኤሊንግተንም በ1973 ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፣ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተገናኝቷል፣ ከንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ተቀብሏል። የቀኑ ፕሮግራም ለእነሱ ይመቻል። ወንበር አለ፣ ድምፁ ልክ ነው፣ ተመልካቹም በዕድሜ እኩያቸው ነው። ከፊት ሳይሆን ከመሃል አስቀምጧቸው፤ መለከት ፊት ለፊት ሲሆን ጆሮ ይጎዳል። ከመቀመጣችሁ በፊት ፕሮግራሙን በአማርኛ አስረዷቸው፤ የባንዱን ስም፣ ሙዚቃው የስንት ዓመት እንደሆነ።

እግርና እንቅልፍ

የመጀመሪያውን ማታ በልክ ያዙት። ዓርብ ራሱን የጨረሰ ሰው ቅዳሜን ተቀምጦ ያሳልፋል። ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተኙ፤ እውነተኛው ዳንስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ውኃ ቋጠሮ ሊወጣ የሚፈልግበትን ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ትንሿ ጣትና ተረከዝ፣ ገና ሲሞቅ በፕላስተር ለጥፉት። ከወጣ በኋላ ይዘገያል። ማታ እግራችሁን በሞቀ ውኃና በጨው ንከሩ፣ ትራስ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ተኙ። ጉልበት ከጠዘጠዘ አንድ ቀን ማረፍ ነው።

እሑድ

እሑድ ብዙው ሰው ወደ አየር ማረፊያ ይሄዳል፣ ወለሉም ይከፈታል። ለጀማሪ ምርጡ ቀን ይህ ነው ባይ ነኝ። ቦታ አለ፣ የቀሩት ዳንሰኞች ደክመው ቀስ ብለው ይደንሳሉ፣ እናንተም ሦስት ቀን ሰምታችኋል። ስለዚህ የመመለሻ በረራችሁን ለእሑድ ማታ ወይም ለሰኞ ያዙ። ከሆቴሉ ክፍል በሰዓቱ ውጡና ሻንጣችሁን እንግዳ መቀበያው ጋ አስቀምጡ፤ የዳንስ ጫማችሁንና አንድ ንጹሕ ሸሚዝ ግን አውጡ።

የተከተላችሁትን ባንድ ሲዲ በእጃቸው ግዙ። እነዚህ ሙዚቀኞች በአብዛኛው ከዚህ ሥራ ሀብታም አይሆኑም። መድረኩ ፊት ለፊት የጉርሻ ማሰሮ ካለ ጣል አድርጉ። ከዚያም አብራችኋቸው የደነሳችሁትን ሰዎች ከየት እንደመጡ ጠይቁ። ከእናንተ ከተማ የሆነ ካለ የሳምንቱ የዳንስ ምሽት የት እንደሆነ ይነግራችኋል። በመጣው ሳምንት ሂዱ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘገያችሁ ትሪፕል ስቴፗ ከእግራችሁ ትጠፋለች።